ከአምቡላንሱ የሚቀድም መርፌ



በእንግሊዝ አገር በከባድ አለርጂ የሞቱ ሰዎችን መዝገብ አንድ በአንድ የመረመረ ሪቻርድ ፓምፍሬ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው ጥናት ሦስት ቁጥሮች አሉ። የአለርጂው መነሻ ምግብ ከሆነ ከሟቾቹ የግማሾቹ ትንፋሽ ወይም ልብ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቆሟል። መነሻው የንብ ወይም የተርብ ንድፊያ ከሆነ ይኸው ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። በሕክምና ቦታ የተሰጠ መድኃኒት ሲሆን ደግሞ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ወስደን በእኛ አገር ካርታ ላይ እናስቀምጣቸው። በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዟ መሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ወደ 150 ኪሎ ሜትር ይርቃል። መርሐቤቴ በጀማና በወንጪት ገደሎች መካከል የተቀመጠ አገር ነው፤ ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ የጀማን ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ በለሚና በሙከጡሪ በኩል ይጓዛል። መሐል ሜዳም ዓለም ከተማም የየራሳቸው ሆስፒታል እንዳላቸው አውቃለሁ። ሆኖም ከጓሳ ጥግ ካለ መንደር ወይም ከግሼ ቆላ ቀበሌ ሰውን በቃሬዛ ተሸክሞ የመኪና መንገድ እስኪደረስ ድረስ ብቻ 15 ደቂቃው አልፎ ሌላ 15 ይደገማል። ባለፉት ዓመታት በጦርነትና በግጭት ምክንያት መንገድ ሲዘጋማ ስሌቱ ራሱ ትርጉም ያጣል።

ከዚህ የምነሣበት ክርክር አንድ ነው። ከባድ አለርጂን የሚያቆመው መድኃኒት አድሬናሊን በሕመምተኛው ቅርብ ባለ ሰው እጅ መገኘት አለበት። ያ ሰው በእኛ ወረዳዎች በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ እንዲሁም መርፌ በሚወጋበት ቦታ ሁሉ የሚሠራ ባለሙያ ነው። በሥልጠናውም ትልቁን ቦታ መያዝ ያለበት ውሳኔው ነው፤ መቼ መውጋት እንዳለበት ያወቀና ሳያመነታ የሚወስን ሰው፣ መውጋቱን ብዙ ጊዜ አስቀድሞም ያውቀዋል።

ነገሩ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ካልተረዳን ግን የችኮላው ምክንያት አይገባንም። በቆዳ፣ በሳንባ፣ በአንጀትና በደም ሥሮች ዙሪያ ማስት የሚባሉ ሴሎች አሉ። አለርጂ ያለበት ሰው ከማይስማማው ነገር ጋር ሲገናኝ እነዚህ ሴሎች ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን በአንድ ጊዜ ይለቃሉ። የደም ሥሮች ይላላሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ጉሮሮ ያብጣል፤ የሳንባ ቱቦዎች ይጠባሉ። መዳፍና ውስጥ እግር ያሳክካል፣ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈርና ዐይን ያብጣሉ፣ ድምፅ ይጎረንናል፣ ትንፋሽ ያፏጫል፣ ያስመልሳል፣ ራስ ይዞራል። ከዚያ ሕመምተኛው ይወድቃል። ሁሉም ምልክት በሁሉም ሰው ላይ አይታይም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሽፍታ ሳይወጣበት በቀጥታ ይወድቃል፤ በሠፈር ቋንቋ «ለከፈው» ወይም «መርፌ ጣለው» የሚባለው አንዳንዱ ሞት ከዚህ ወገን ሊሆን ይችላል።

ሁኔታውን ለይተው ስም የሰጡት ሁለት ፈረንሳውያን፣ ሻርል ሪሼና ፖል ፖርቲየ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1901 በሞናኮው ልዑል በቀዳማዊ አልበርት መርከብ ላይ የባሕር እንስሳት መርዝ ማጥናት ጀመሩ። ውሾችን በትንሽ በትንሽ መርዝ ማለማመድ ይቻላል ብለው ሲጠብቁ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የመጀመሪያውን መጠን ተቋቁሞ የዳነ ውሻ ከሳምንታት በኋላ ትንሽ መጠን ሲሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ሞተ። በ1902 አናፊላክሲስ ብለው ሰየሙት፤ ሪሼም በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ይህ የመቶ ዓመት ታሪክ ለእኛ የዕለት ጥቅም አለው። «አምና ንብ ነድፎት ምንም አልሆነም»፣ «ባለፈው ወር ያንኑ መርፌ ተወግቶ ነበር» የሚለው ማረጋገጫ ማረጋገጫ እንዳልሆነ የሚያስተምረን እርሱ ነው። ሰውነት የሚዘጋጀው በመጀመሪያው ግንኙነት ነው፤ አደጋው የሚመጣው በሚቀጥለው።

መድኃኒቱም ከስያሜው ጋር እኩያ ነው። ጆኪቺ ታካሚኔ የተባለው ጃፓናዊ ኬሚስት አድሬናሊንን አጣርቶ ያወጣው በዚያው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ነበር። አድሬናሊን የላሉትን የደም ሥሮች ያጠብቃል፣ ልብን ያበረታል፣ የጠበበውን የሳንባ ቱቦ ይከፍታል፣ የጉሮሮውን እብጠት ይቀንሳል፤ ከዚህም በላይ ማስት ሴሎቹ ተጨማሪ ኬሚካል እንዳይለቁ ይገታል። ይህን ሁሉ በአንድነት የሚያደርግ ሌላ መድኃኒት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው። ሆኖም ከባድ አለርጂ ሲያጋጥም ብዙ ባለሙያ እጁ አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ሃይድሮኮርቲዞን፣ ወደ ዴክሳሜታዞን ወይም ወደ ፕሮሜታዚን ነው። እነዚህ የማይረቡ መድኃኒቶች አይደሉም። ግን ሃይድሮኮርቲዞን የሚሠራው በሰዓታት ነው፤ ፀረ ሂስታሚኑም ማሳከኩን ያስታግስ እንደሆነ እንጂ የወደቀ የደም ግፊት አያነሣም፣ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ሽፍታው ሲጠፋ ተሻለው ተብሎ የሚዘናጋበት ጊዜ ከዚያች 15 ደቂቃ ላይ የሚቀነስ ነው።

በደጋው ሰሜን ሸዋ ለከባድ አለርጂ ሊያጋልጡ ከሚችሉት ሁሉ ይበልጥ ልናገርበት የምፈልገው የፔኒሲሊን ጉዳይ ነው። ምግብን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ለውዝና ሰሊጥ እዚህም እንደሌላው ዓለም ሰውን ሊጥሉ ይችላሉ። ንብም ግልጽ ነው፤ ኢትዮጵያ በማር ምርት በአፍሪካ ቀዳሚ ናት፤ በጥቅምትና በኅዳር ማር በሚቆረጥበት ወቅት ብዙ እጅ ወደ ቀፎ ይገባል። ፔኒሲሊን ግን የተለየ ነገር ያስከትላል፤ መድኃኒቱ ከሚጥለው ሰው ይልቅ መድኃኒቱን መፍራት የሚጎዳው ሰው ይበዛል። የጉሮሮ ቁስል ያመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ የልጆችንና የወጣቶችን የልብ በር ከሚያበላሹ በሽታዎች ዋነኛው ነው። ሕመሙ እንዳይደጋገም የሚከላከለው ቤንዛታይን ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት። አንድ ሕመምተኛ መርፌ ተወግቶ ሞተ የሚል ወሬ አንዴ በወረዳው ከተሰማ ግን ነርሱ «እኔ አልወጋም፤ ሆስፒታል ሂዱ» ቢል አይፈረድበትም፤ አድሬናሊን በሌለበት ክፍል ውስጥ ብቻውን ነው የቆመው። ልጁ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ሦስተኛ ጊዜ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ የልብ በሩ ተበላሽቶ ሲመጣ ያንን ጉዳት ከአድሬናሊን እጦት ጋር የሚያያይዘው ማንም የለም።

ፍርሃቱ ምን ያህል ልክ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የ11 አገሮች ጥናት 1,790 የሩማቲክ ሕመምተኞችን ተከታትሏል። ከተሰጡት 32,430 መርፌዎች አናፊላክሲስ ያስከተሉት 4 ናቸው፤ የሞተው አንድ ሰው ነው። አናፊላክሲሱ በአሥር ሺህ መርፌ አንድ ገደማ ማለት ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ከፔኒሲሊን መርፌ በኋላ ከደረሱት ሞቶች ብዙዎቹ አለርጂ ሳይሆኑ፣ ልባቸው አስቀድሞ ክፉኛ በተጎዳ ሕመምተኞች ላይ የመርፌው ሕመምና ድንጋጤ ያስከተለው የልብ መዛል ሊሆኑ እንደሚችሉ አመለከተ። ስለዚህ የልብ በራቸው በጽኑ የተጎዳ ሕመምተኞች በሚዋጥ ፔኒሲሊን ቢታከሙ ይሻላል፤ ሌሎቹም ሳይጾሙ፣ ውኃ ጠጥተው፣ ተጋድመው ቢወጉ ይመረጣል። በዐቢይ ጾም ሳይበላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ወጣት ተቀምጦ ወይም ቆሞ መርፌ እንዳይወጋ መምከር ለመንዝ የጤና ባለሙያ የሚመጥን ትምህርት ነው። ይህ ማስረጃ የእኔን ክርክር የሚያዳክም ሊመስል ይችላል፤ ሞቱ አለርጂ ካልሆነ አድሬናሊኑ ለምን? እኔ ግን የሥልጠናውን አስፈላጊነት ያጠናክራል እላለሁ። ሁለቱን የሚለይ፣ ለአንዱ የሚሆነውን መድኃኒት በአጠገቡ የያዘ ባለሙያ በመርፌው ፊት አይሸሽም፤ ልጁም መርፌውን ያገኛል።

አሁን ወደ ጤና ኬላው እንምጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለ5,000 ያህል ሕዝብ አንድ ጤና ኬላ፣ በእያንዳንዱም ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲኖሩ ታስቦ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሥራቸው ማስተማርና መከላከል ላይ ያተኮረ ነበር፤ ከክትባትና ከወሊድ መከላከያ መርፌ ያለፈ ሕክምና ይሰጣሉ ያለ ሰው ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ማስገባት ጀመሩ፤ በ2002 ዓ.ም. ገደማ የሕፃናትን የሳንባ ምች ማከም ተፈቀደላቸው። ቆየት ብሎም ሆስፒታል መላክ ካልተቻለ ደሙ በኢንፌክሽን በተመረዘ ጨቅላ ላይ ጄንታማይሲን በመርፌ እንዲሰጡ ተደረገ። ይህን ልብ በሉልኝ። የጥቂት ቀን ሕፃን ጭን ላይ በክብደቱ ተመጥኖ መርፌ ለመውጋት የታመነችን ባለሙያ ለአዋቂ ሰው ግማሽ ሚሊ ሊትር አድሬናሊን አትመኝም የሚል ክርክር ከየት ይነሣል? ዕርምጃው በተነሣ ቁጥር «ይህ ከአቅማቸው በላይ ነው» የሚል ድምፅ ነበር፤ በየጊዜው ሥራው ራሱ መልሶለታል።

መርፌውን ለማንም መስጠት ይቻላል ማለቴ እንዳልሆነ የሚያሳየውም ማስረጃ ከዚሁ ጋር መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ካናዳ ውስጥ ኤስቴል ሲሞንስና ባልደረቦቿ ወላጆችን፣ ሐኪሞችንና ነርሶችን አሰባስበው ከአምፑል የሕፃን መጠን አድሬናሊን ወደ ሲሪንጅ እንዲስቡ ጠየቁ። ወላጆች በአማካይ 142 ሰከንድ ፈጀባቸው፤ ሐኪሞች 52፣ ተራ ነርሶች 40፣ የድንገተኛ ክፍል ነርሶች ደግሞ 29። ከዚያ የከፋው ወላጆቹ የሳቡት መጠን ነበር፤ በትንሹና በትልቁ መካከል የ40 እጥፍ ልዩነት ታየ። ሐኪሙ ከነርሷ መዘግየቱን ስታዩ ፍጥነትን የሚሰጠው ዲግሪ ሳይሆን የየዕለት ልማድ መሆኑ ይታያችኋል። በየሳምንቱ ክትባት የምትወጋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በዚህ ሚዛን ከነርሶቹ ጎን ናት። በእጇ ያለው መሣሪያም ያግዛታል። ለክትባት የሚሰጠው፣ አንዴ ብቻ የሚሠራው ሲሪንጅ የሚይዘው በትክክል 0.5 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ አምፑል አድሬናሊን በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም ይይዛል። የአዋቂ መጠን 0.5 ሚሊ ግራም ስለሆነ ሲሪንጁ ሲሞላ ልኩ ሞላ፤ ሊሳሳቱ የሚችሉት ትርፍ ቦታ የለም። ለልጆች ግን ቁጥር የተጻፈበት የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያስፈልጋል፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ 0.3 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በታች ላለ 0.15 ሚሊ ሊትር የሚለውን አምፑሉ በተቀመጠበት ሳጥን ክዳን ላይ በትልቁ ጽፎ መለጠፍ ነው። ቦታው የጭን መሃል ውጫዊ ጎን ነው፤ ብርዱ ልብስ መደራረብ በሚያስገድድበት በመንዝ ማውለቂያ ጊዜ ካልተገኘ በሱሪ ላይ መውጋት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚያነሣው ሌላ ጥያቄ አለ፦ በውጭ አገር ያለው፣ ተጭኖ ብቻ የሚወጋው ኤፒፔን ለምን አይመጣም? የተመቸ መሣሪያ መሆኑን አልክድም። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የአንድ ጥንድ ዋጋ 600 ዶላር ደርሶ የሕዝብ ቁጣ እስኪያስነሣ ድረስ ውድ ነው፤ ዕድሜውም አጭር ነው። የሲያትል ከተማ ያለበት የኪንግ ካውንቲ አስተዳደር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2014 ከአምቡላንሶቹ ኤፒፔንን አንሥቶ አድሬናሊኑንና ምልክት ያለው ሲሪንጅ በአንድ ኮሮጆ አዘጋጀ፤ ከሐኪም በታች ያሉት የአምቡላንስ ሠራተኞችም በአጭር ሥልጠና ተረከቡት። የሀብታሙ አገር አስተዳደር ወደ ተራው ሲሪንጅ ተመልሶ ሳለ እኛ ኤፒፔንን እንጠብቅ ማለት ጊዜ ማባከን ነው።

በአድሬናሊን ላይ ያለው ትልቁ ፍርሃት ልብን ያቆማል የሚለው ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ግን መሠረቱ ሌላ ቦታ ነው። ጉዳት ያደረሱት አብዛኞቹ ስሕተቶች ሙሉ አምፑል በቀጥታ ወደ ደም ሥር ሲገባ የሆኑ ናቸው። በጡንቻ ላይ በትክክለኛው መጠን ሲሰጥ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ፊት ይገረጣል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ያልፋል። በከባድ አለርጂ ላይ አድሬናሊን በጡንቻ እንዳይሰጥ ፈጽሞ የሚከለክል በሽታ የለም፤ የልብ ሕመምም እንኳ። ስለዚህ ለጤና ኬላ የምመክረው ሕግ አጭር ነው፤ በጡንቻ ብቻ፤ የደም ሥርን ጉዳይ ለሆስፒታል መተው። ምልክቶቹ ከሁለት የሰውነት ክፍሎች ከታዩ፣ ለምሳሌ ሽፍታና ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም የታወቀ መነሻ ከነካው በኋላ ሰውየው ከወደቀ፣ ጥርጣሬ ቢኖርም መውጋት። ሳያስፈልገው የተወጋ ሰው ለግማሽ ሰዓት ይንቀጠቀጣል፤ እያስፈለገው ሳይወጋ የቀረው ይሞታል። ሁለቱ ስሕተቶች እኩል እንዳልሆኑ በጥልቀት የተረዳች ባለሙያ አታመነታም።

«ይህ የሀብታም አገር በሽታ ነው፤ በገጠራችን አለርጂ የለም» የሚሉ አሉ። ይህም ያለ ምክንያት አይባልም። እ.ኤ.አ. በ1997 በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በተደረገ ጥናት አስም በገጠሩ ከከተማው እጅግ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ በኋላም ተመራማሪዎች ምክንያቱን ከአንጀት ትላትል ጋር ሲያያይዙ ቆይተዋል። ነገር ግን ከአስምና ከምግብ አለርጂ ማነስ ተነሥቶ የንብ መርዝና የፔኒሲሊን አለርጂ የለም ወደሚለው መዝለል አይቻልም። በዓለም ያሉት ግምቶች በዕድሜው አንድ ጊዜ አናፊላክሲስ የሚያጋጥመውን ሰው ከመቶ ከ0.05 እስከ 2 ያደርሱታል፤ አብዛኞቹ ከሀብታም አገሮች የተወሰዱ ናቸው። ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ 5,000 ሕዝብ ባለበት ቀበሌ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነው። ሁለት አምፑል ለአንድ ጤና ኬላ የሚያስወጣው ወጪ ከዚህ ጋር ሲመዘን ጥያቄው ለእኔ ይዘጋል።

በቅንነት የምቀበለው ተቃውሞ የሥራው ጫና ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ፓኬጅ በፓኬጅ፣ መዝገብ በመዝገብ ላይ እየተጨመረባት ደክማለች። ስለዚህ አዲስ መዝገብ፣ አዲስ ሪፖርት አይጨመርባት። የሚጨመረው አንድ ሳጥን ነው፦ ሁለት አምፑል፣ የአዋቂና የልጅ ሲሪንጅ፣ የመጠን ወረቀት። አምፑሉ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ብርሃንን መሸሽ ግን ይፈልጋል፤ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቡናማ የተለወጠ መጣል አለበት። የመንዝ ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ በጀማ ቆላ ያለው ጤና ኬላ ግን ከቆርቆሮው ሥር አርቆ ያስቀምጠው። የጤና ኤክስቴንሽኑ ፍኖተ ካርታ እስከ 2035 እ.ኤ.አ. ድረስ አንዳንድ ጤና ኬላዎችን ነርስና አዋላጅ ባሉበት ደረጃ እንደሚያሳድግ ተነግሯል፤ ሳጥኑን አብሮ ማስገባት ያን ጊዜ ቀላል ነው፤ ከዚያ በፊት መጀመር ግን አያቅትም።

ሥልጠናው ከመርፌው በኋላ ያለውንም መያዝ አለበት። ፓምፍሬ በሌላ ጥናቱ ተጋድመው የነበሩ ሕመምተኞች በድንገት ቀና ሲደረጉ ወይም ሲቀመጡ የሞቱባቸውን አጋጣሚዎች መዝግቧል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ስለሚያንስ ነው። ስለዚህ የደም ግፊቱ የወረደ ሰው በበቅሎ ላይ ተቀምጦ መላክ የለበትም፤ ተራምዶ ወደ አምቡላንስ መሄድም የለበትም። በቃሬዛ ተጋድሞ፣ እግሩ ከፍ ብሎ ይወሰድ። ትንፋሽ ያጠረው ግን ከተጋደመ ሊባስበት ስለሚችል እግሩን ዘርግቶ ጀርባውን ደገፍ ይበል። እርጉዝ በግራ ጎኗ ትተኛ። በየቀበሌው ያሉት የቃሬዛ ተሸካሚዎች ይህን ሊያውቁት ይገባል፤ በዕድር ስብሰባ ላይ በሩብ ሰዓት የሚነገር ነው። ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ሁለተኛው አምፑል ይከፈታል። ቢሻለውም ይላካል፤ ጥቂት ሰዎች ላይ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳልና።

አንድ ጊዜ የተሰጠ ሥልጠና በወራት ውስጥ ከእጅ ይጠፋል፤ በተለይ በዓመት አንዴ እንኳ የማያጋጥም ነገር ሲሆን። የጤና ጣቢያው ኃላፊ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በሚሰበስብበት የወር ስብሰባ ላይ፣ በየስድስት ወሩ አንዴ፣ ሰዓት ተይዞ ልምምድ ይደረግ። ጊዜያቸው ያለፈ አምፑሎች ከመጣላቸው በፊት ለዚህ ይሁኑ፤ አንገታቸው ተሰብሮ፣ ወደ ሲሪንጅ ተስበው፣ በትራስ ላይ ይወጉ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ያሉት መምህራን ልምምዱን የሚመሩ ነርሶችን ለየወረዳው ሊያዘጋጁ ይችላሉ። የመጀመሪያው ዙር ከመስከረም ባያልፍ እመርጣለሁ፤ በጥቅምት ማር ቆረጣው ሲጀመር ሳጥኖቹ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ዙሪያ ባሉት ጤና ኬላዎች ደርሰው እንዲገኙ።